የኤልያቄም የሕይወት ታሪክ በእህቱ እጅ እንደ ተጻፈው

መምህርት አየለች ወሰኑ ወንድሟ በሞተ በአራት ሰዓት ውስጥ የሕይወት ታሪኩን ጽፋ ጨረሰች። ሠላሳ አንድ ዓመት አማርኛ ያስተማረች ሴት ናት፤ ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታው ገብቶ ካየች እንቅልፍ አይወስዳትም። እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ እየጠረገች፣ አንድም ስርዝ ድልዝ ሳይኖርበት፣ ገጽ ተኩል ሞላች። ሐዘን ሐዘን ነው፣ ጽሑፍ ደግሞ ጽሑፍ ነው።

አምቦ ላይ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ጥሩምባ ይነፋለታል፣ ቀጥሎ ድንኳን ይተከልለታል፣ በመጨረሻም ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ፣ ሳጥኑ ተዘግቶ መልስ መስጠት በማይችልበት ሰዓት፣ የሕይወት ታሪኩ ይነበብለታል። የሚያነበው የእድሩ ሊቀ መንበር ነው። አንዴ ከተነበበ አለቀ። ሟቹ በሕይወቱ ሰላምታ የሚነፍግ ሰው ይሁን የጎረቤት አጥር የሚገፋ፣ «ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ» ሆኖ ይቀበራል። እስከ ዛሬ ከሳጥኑ ተነሥቶ ያስተባበለ የለም።

የአየለች ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ «አቶ ኤልያቄም ወሰኑ ከአባታቸው ከአቶ ወሰኑ ይፍሩ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ በለጥሻቸው አሰጌ በ1976 ዓ.ም. በአምቦ ከተማ ተወለዱ። በ2006 ዓ.ም. ባደረባቸው ጽኑ ሕመም ምክንያት ለአሥራ አንድ ዓመታት የአልጋ ቁራኛ ሆነው፣ በሕክምናም በጸበልም ሲረዱ ቆይተው፣ ትዳር ሳይመሠርቱ በተወለዱ በ41 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ዐረፉ።» የቀረው ገጽ ስለ ትዕግሥቱና ስለ ቤተሰቡ መሥዋዕትነት ነው። ቤተሰቡ ማለት አየለች ናት።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ነቀፋ የሌለበት የልደት ዘመኑ ነው። «የአልጋ ቁራኛ» የሚለው ውሸት ነው። «ትዳር ሳይመሠርቱ» የሚለው ደግሞ ከውሸትም ያለፈ ድፍረት ነው፤ ትዳሩ ያን ሰዓት ጓሮ ውስጥ ቆማ ለለቀስተኛ ንፍሮ እየቀቀለች ነበርና።

ነገሩን ከመጀመሪያው እናንሣው። ኤልያቄም የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበር። በ2006 ደረጃ ላይ መሰናከል ጀመረ። ቀጥሎ ከመደርደሪያ ላይ ፋይል ማውረድ አቃተው፣ ከወንበር ሲነሣ በእጁ ጉልበቱን መግፋት አመጣ። መሥሪያ ቤቱ ሰነፈ አለ፤ ጎረቤት ጠጣ አለ። አየለች ይዛው አዲስ አበባ ወረደች። ሐኪሙ የጡንቻ በሽታ ነው፣ ቀስ በቀስ እየባሰ ይሄዳል፣ መድኃኒት የለውም፣ አምስት ዓመት ከኖረ ጥሩ ነው አላቸው። አየለች በመልሱ መንገድ እያለቀሰች መጣች። ጊንጪ ሲደርሱ ኤልያቄም ሹፌሩን አስቁሞ የተጠበሰ በቆሎ ገዛ።

«እንዴት ይበላልሃል?» አለችው።

«አምስት ዓመት ብቻ ካለኝ ተርቤ አልጀምረውም» አላት።

አሥራ አንድ ዓመት ኖረ። «ምስኪን፣ ዕድሜው እኮ አጭር ነው» እያሉ ከንፈር የመጠጡለትን ሰዎች አንድ በአንድ ሸኘ። ቀብራቸው ላይ በተሽከርካሪ ወንበሩ ከሁሉ ቀድሞ ይደርስ ነበር፤ እድሩም አንድ ቀን እንኳ በመቅረት አልቀጣውም።

ከመዝገብ ቤት ሲያሰናብቱት ፍርድ ቤቱ በር ላይ ጃንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ጸሐፊ ሆነ። አማርኛና ኦሮምኛ እያቀላጠፈ የገበሬውን አቤቱታ ይጽፋል። ገበሬው ግን አቤቱታውን ይዞ የሚሄድበት መሥሪያ ቤት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት በፕላኑ ላይ አለ፤ ሕንጻው ላይ የለም። ኤልያቄም ታዲያ ለኃላፊው ማመልከቻ ጻፈ፦ «ይህን ማመልከቻ ይዤ መውጣት ስላልቻልኩ፣ ወርደው እንዲቀበሉኝ በትሕትና አመለክታለሁ።» በየሳምንቱ አንድ፣ በየሳምንቱ በሌላ ሰው እጅ ላከ። በሃያ ሦስተኛው ኃላፊው ተቆጥቶ ወረደ። የጠበቀው አንድ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር፤ ያገኘው ግን ክራንች የያዘ፣ ያረገዘች፣ ያረጀ፣ ዐይኑ የደከመ፣ አርባ ሰው ነው። ቀኑ ማክሰኞ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማክሰኞ ማክሰኞ ጉዳይ ምድር ቤት መታየት ጀመረ። ኃላፊው ይህን በግምገማ ላይ የራሱ ሐሳብ አድርጎ አቅርቦ ተመሰገነበት፤ የምስጋናውን ደብዳቤም በደንብ አድርጎ የጻፈለት ኤልያቄም ነው።

ይሄ የማክሰኞው ነው። ቅዳሜ ደግሞ ነበር። ቅዳሜ ባጃጅ ነጂው ጓደኛው ፉፋ አዝሎ የአምቦ ፍልውሃ መዋኛ ያስገባዋል። ውሃ ውስጥ ሲገባ ያ አልታዘዝ ያለው ሰውነት ይቀልለታል፤ በጀርባው ተንሳፍፎ በዋናተኛው ሁሉ ላይ አስተያየት ይሰጣል። ጭልሞ ጫካ ዝናብ ይዟቸው ባጃጁ ጭቃ ውስጥ ሰጥሞ ያደሩበት ጊዜ አለ። እጃጂ ላይ አንድ ሰርግ አራት ጎረምሳ ወንበሩን ከነሰውዬው ተሸክሞት ጨፍሯል፤ ሙሽራው ተረስቶ አኩርፎ ነበር ይባላል። በኮሮና ጊዜ አገሩ በሙሉ ቤት ሲዘጋበት፣ እሱ መስኮቱ ላይ ተቀምጦ አላፊውን ሁሉ «እንኳን ደህና መጣችሁ፣ እኔ ቀድሜያችሁ ነበር» ይል ነበር። በመጨረሻዎቹ ዓመታት እጁ ብዕር መያዝ ተወ፤ ቃል እየነገረ ማጻፍ ጀመረ። ቀጥሎ ትንፋሹ አጠረ፤ አቤቱታውም አብሮ አጠረ፤ ሰዎች እንደሚሉት በጣም ተሻሻለ።

አየለች ከነዚህ ከአንዱም ቦታ አልነበረችም። እሷ የራሷ ቤት ቁጭ ብላ ትጨነቅለት ነበር። ሰባት ጸበል ወስዳዋለች፣ አይካድም። ከዚያ በተረፈ ግን መጨነቅን እንደ መደበኛ ሥራ ያዘችው፤ ጠዋት ትገባለች፣ ማታም አትወጣም። እናታቸው ስትሞት ኤልያቄም የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። «እሱን አሳድጋለሁ ብዬ ሳላገባ ቀረሁ» ትላለች፤ እውነቷን ነው።

በ2011 ሲንቄ መጣች። ሲንቄ የጊንጪ እህል ነጋዴ ናት። ማመልከቻ ልታስጽፍ መጥታ፣ «ይቺ ቃል ትለሳለሳለች፣ ጠንከር አድርጋት» ብላ ተከራከረችው። ማመልከቻው ገብቶ መልስ ካገኘ በኋላም ስለዚያው ማመልከቻ ሦስት ጊዜ ተመላልሳ መጣች። አየለች ይህን እንደሰማች ጊንጪ ድረስ ሄደች። ወንድሜ በሽተኛ ነው፣ እየባሰበት እንጂ እየተሻለው አይሄድም፣ ዕድሜሽን አታበላሺ አለቻት። ሲንቄ ጤፍ እየሰፈረች በጸጥታ ሰማቻት።

«ጨረሱ፣ እትዬ?»

«ጨርሻለሁ።»

«እንግዲያው ሰምቻለሁ» አለችና ቀጣዩን ቁና ሰፈረች። በሳምንቱ ሁለት ኩንታል ጤፍና አንድ ሻንጣ አስጭና ኤልያቄም ቤት ገባች።

አየለች ለጎረቤት «ሠራተኛ ቀጠርንለት» ብላ አወራች። ስድስት ዓመት ሙሉ እንዲሁ አለች። እንግዲህ ሠራተኛ ናት፦ ያለ ደመወዝ የምትሠራ፣ ከአሠሪዋ ጋር ሌሊቱን እየሳቀች የምታድር፣ እሱ የሚነግራትን አቤቱታ በእጇ የምትጽፍለት። ሰፈሩ ያውቃል። ሰፈሩ ጨዋ ነው፤ ያወቀውን ሁሉ አይናገርም። ኤልያቄም አንድ ሁለቴ ከእህቱ ጋር ተጣልቶበታል፤ ሲንቄን ቤተ ክርስቲያን ወስዶ ሊያገባትም ጠይቆ፣ አየለች ታመምኩ ብላ ሁለት ጊዜ ቀጠሮ አፍርሳበታለች። ሦስተኛውን ቀጠሮ ሞት ቀደመው።

የቀብሩ ዕለት ጠዋት አየለች ጽሑፉን በኮምፒዩተር እንዲያስጽፈው ለፉፋ ሰጠችው። ፉፋ ኮፒ ቤት ደርሶ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል።

«እትዬ፣ የሌላ ሰው ወረቀት ሰጥተውኝ እንዳይሆን?»

«ምን ጎደለው?»

«ኤልያቄም ጎደለው።»

«ፉፋ፣ ዛሬ የቀልድ ቀን አይደለም» አለችው። የእድሩ ሊቀ መንበር ኦቦ ዲንሳ ወረቀቱን ተቀብሎ ኮቱ የውስጥ ኪስ ከተተና ቆለፈው። ኦቦ ዲንሳ አንድ ጊዜ ቀብር ላይ ወረቀት ጠፍቶበት ለአንድ ፖስተኛ የሌላ ሰው አሥራ ሁለት ልጆች አንብቦለታል፤ ከዚያ ወዲህ ኪሱ የገባ ወረቀት ከመቃብር አፋፍ በፊት አይወጣም።

አምስት ሰዓት ላይ ሁለት ሚኒባስ መጥቶ በሩ ላይ ቆመ፤ አንዱ ከጊንጪ፣ አንዱ ከእጃጂ። በላዩም በውስጡም ገበሬ ነው። ማክሰኞ ማክሰኞ ምድር ቤት ጉዳያቸው ያለቀላቸው ሰዎች ናቸው። ማን እንደጠራቸው አየለች አላወቀችም። የፊተኛው ሽማግሌ ባርኔጣውን አውልቆ በሩ ላይ ያለውን ሰው ጠየቀ።

«ሃቲ መና ኢሳ ኤሳ ጅርቲ?»

ሚስቱ የት አለች ማለቱ ነው። አምቦ ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን አልሰማሁም ማለት አይችልም፤ አየለች ግን ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ አልሰማችም። ኦቦ ዲንሳ በጣም አሳለው። ድንኳኑ በሙሉ በድንገት መሬት መሬት ማየት ጀመረ። ፉፋ ብቻ ተነሣና በጣቱ ወደ ጓሮ አሳየ። ስልሳ የሚሆን ሰው ድንኳኑን አልፎ፣ የሟቹን ባዶ ተሽከርካሪ ወንበር ትቶ፣ ቀጥ ብሎ ወደ ጓሮ ገባ። ድስትና በርሜል መካከል ቆሞ፣ ማማሰያ የያዘችውን ሴት እጅ እየያዘ «ጀባዱ፣ ጀባዱ»፣ በርቺ በርቺ ይላት ጀመር። ከድንኳኑም አንዳንዱ ቀስ ብሎ ተከተለ። ለቅሶው ጓሮ ሆነና ድንኳኑ ውስጥ የሟች እህትና ጥቂት የሩቅ ዘመድ ቀረ።

አየለች ይህን ስርዓት አልበኝነት ልታስቆም ተነሥታ ሄደች። ስትደርስ ሰዎቹ ገለል አሉላት። ሲንቄ ዐይኗ ደርቋል፤ ጢሱ እንኳ አላስነባትም። ሠራተኛ በአሠሪዋ ቀብር ምን ያህል ማልቀስ እንደሚፈቀድላት ማንም አልነገራትም።

«እትዬ» አለች ሲንቄ ቀድማ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ወረቀቱን ፉፋ አሳይቶኛል። ስሜን ያስገቡ አልልዎትም። 'የአልጋ ቁራኛ' የምትለዋን ብቻ ያውጡልኝ። አልጋውን የማውቀው እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን ፀሐይ ወጥቶ ተኝቶበት አያውቅም። ገልብጬ፣ አልብሼ፣ ወንበሩ ላይ ሳላወጣው አንድም ቀን አልረፈደብኝም። ያንን አይውሰዱብኝ።»

ይህች ሴት ለራሷ ምንም አልለመነችም፤ የለመነችው ለሱ ነው። አየለች ደግሞ ያን ገጽ ተኩል ስትጽፍ ስለ ማን እንደጻፈች ያን ሰዓት በደንብ ታያት። እሱ ባለትዳር ከነበረ፣ ደስ ብሎት ከኖረ፣ እሷ ሳታገባ የቀረችው ለምኑ ነበር? ለዚህ ነው አልጋ ላይ ያስተኛችው። ምስኪን እንዲሆንላት ፈልጋ ነበር። እዚያው ድስቶቹ መካከል በራሷ አፈረች።

ወረቀቱን ላስተካክል ብላ ወደ ድንኳኑ ስትመለስ ሳጥኑ ተነሥቷል። ወንዶቹ ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ኦቦ ዲንሳ ከፊት ካሉትም ፊት ነው፣ ወረቀቱም ኪሱ ውስጥ ተቆልፏል። «ዲንሳን ጥሩልኝ» ብትል፣ ሴቶቹ ሐዘን አእምሮዋን ነካው ብለው ክንድና ክንዷን ጥብቅ አድርገው ይዘው እያባበሉ ወሰዷት።

ቤተ ክርስቲያን ጸሎቱ አለቀ። ኦቦ ዲንሳ መነጽሩን ጠርጎ ማንበብ ጀመረ። አባት፣ እናት፣ የልደት ዘመን። «...ለአሥራ አንድ ዓመታት የአልጋ ቁራኛ ሆነው...»

«ተሳስቷል» አለች አየለች።

ኦቦ ዲንሳ ከመነጽሩ በላይ አያት። በእድሩ ታሪክ የሕይወት ታሪክ አርም ያለ ሰው የለም። «እንዲህ ነው የሚለው፣ አየለች።»

«የጻፍኩት እኔ ነኝ። ስህተቱም የኔ ነው።»

ከሕዝቡ እኩሌታው ተማሪዋ የነበረ ነው፤ መምህርት አየለች ተሳሳትኩ ስትል ሰምቶ አያውቅም። ከያዟት ሴቶች እጅ ወጥታ ሳጥኑ አጠገብ ቆመች።

«ወንድሜ የአልጋ ቁራኛ አልነበረም። እንዴት እንደኖረ እኔ አላየሁም፤ ያዩት እዚህ ቆመዋል። ደግሞ ባለትዳር ነበር። ሠራተኛ ናት እያልኩ ስድስት ዓመት የዋሸኋችሁ ሚስቱ ናት። ሲንቄ ትባላለች።»

ኦቦ ዲንሳ ስርዓት የሚወድ ሰው ነው። ይህ ሁሉ ጉድ ሲወርድ ደረት ኪሱ ውስጥ እስክሪፕቶ ፈለገ፣ አገኘ፣ ወረቀቱን ጉልበቱ ላይ አደላድሎ «የአልጋ ቁራኛ ሆነው» እና «ትዳር ሳይመሠርቱ» የሚሉትን ሰረዘ። ከዚያ ቀና አለ።

«ሲንቄ ማን?»

አየለች አፏን ከፈተች፤ የሲንቄን አባት ስም አታውቅም። ስድስት ዓመት ጠይቃ አታውቅም። ከማንም ፊት እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

«ሲንቄ ነገራ» አለች ሲንቄ ራሷ፣ ከወደ ኋላ።

ኦቦ ዲንሳ ጻፈ። ጽፎም ከላይ ጀምሮ እንደገና አነበበው። «ባለቤታቸው ወይዘሮ ሲንቄ ነገራ» ሲል ሲንቄ የያዘችውን ሁሉ ለቀቀችው። ጩኸቷ ካህናቱን ሳይቀር አስደነገጠ። ሴቶቹ ወደ ሳጥኑ ራስጌ አመጧት፤ አየለችም ቦታውን ለቀቀችላትና ከጎኗ ሆና ደገፈቻት።

አፈሩ ከተመለሰ በኋላ ሰው እንደ ደንቡ ተሰልፎ ማጽናናት ጀመረ። ሲንቄ ከፊት፣ አየለች ከእሷ ቀጥላ ቆመች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ከሚኒባሱ የወረዱት ሁሉ ሲንቄን አቅፈው አልቅሰው፣ አየለች ዘንድ ሲደርሱ ትንሽ እያመነቱ እጇን ጨብጠው ያልፋሉ። ጠዋት ሚስቱን የጠየቀው ሽማግሌ፣ ኦቦ ሌታ የሚባል የእጃጂ ገበሬ፣ እሷ ፊት ሲደርስ ቆመ።

«እርስዎስ፣ አዴ፣ ለሟቹ ምኑ ነዎት?»

«እህቱ ነኝ።»

«ያቺ እህቱ?» አለና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። ፊቱ በርኅራኄ ለሰለሰ። «ማክሰኞ ማክሰኞ ከኛ ጋር ሲጫወት ይውልና 'በሉ ልሂድ፣ እህቴን ልጠይቃት፣ ብቻዋን ናት፣ ከቤት አትወጣም' ይለን ነበር። እኛማ በጠና የታመሙት እርስዎ ነዎት ብለን ነው የምናውቀው። ይኸው ስንት ዓመት ሙሉ በየማኅበሩ እንጸልይልዎት ነበር እኮ። አሁን ተሻለዎት?»

አየለች ሊያርሙት የሚገባ ብዙ ነገር ሰማች። አላረመችውም። እጇንም አላስለቀቀችም።

«ዛሬ ገና መውጣቴ ነው» አለችው።